የአራዳ ልጆች የእንቁጣጣሽ ሥዕል

በአዲስ አበባ የክረምቱ መውጫ የእሳት ሰሞን ነው። ነሐሴ 12 ቀን ማታ የቡሄ ችቦ ይበራል፤ በጳጕሜን መጨረሻ ማታ የዘመን መለወጫው ችቦ ይበራል፤ መስከረም 16 ቀን ማታ ደግሞ ደመራው ይለኰሳል። ከመጀመሪያው ችቦ እስከ ደመራው ያለው ጊዜ ሲቈጠር 39 ቀን ነው፤ ጳጕሜን 6 ቀን በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ግን 40 ይሞላል። ስለ እነዚህ ሦስት እሳቶች ሊቃውንቱም መንገደኞቹም ብዙ ጽፈዋል። ጅራፉ የነጐድጓዱን ድምፅ፣ ችቦው በደብረ ታቦር የታየውን ብርሃን፣ ደመራው ንግሥት ዕሌኒ መስቀሉን የፈለገችበትን ጢስ እንደሚያመለክት በየቤቱ ይነገራል።

በእሳቶቹ መካከል ግን የማይነድና የማይጮኽ አንድ ሌላ ነገር በከተማይቱ ይዞር ነበር። ይኸውም ልጆች በክረምቱ ቤት ተቀምጠው የሠሩትና በመስከረም 1 ቀን ጧት ከደጅ ወደ ደጅ የሚያዞሩት ሥዕል ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለ ሆነ ብዙ ጸሓፊ አላገኘም። የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ ቢታለፍ ግን ስሕተት ይሆናል። በኢትዮጵያ ሥዕል ለብዙ መቶ ዓመታት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ከብራና መጽሐፍ ሳይርቅ የኖረ ጥበብ ነው፤ ሠዓሊውም ሙያውን ከመምህር የተማረ፣ ለደብር ወይም ለመኳንንት የሚሠራ ሰው ነበር። በትርፍ ጊዜው፣ ለገዛ ደስታው ብሎ፣ ቀለም በወረቀት ላይ የሚያኖር ሰው ሥራውን ይዞ በሕዝብ ፊት የሚወጣበት የታወቀ ቀን ቢፈለግ የሚገኘው ይህ አንድ ጧት ነው። ቀኑም የዐዋቂዎች ሳይሆን የልጆች ነበር።

የልማዱ ሥር የሚገኘው በገጠር ነው። በጎጃም በዘመን መለወጫው ዋዜማ ወጣቶች ወደ መስክ ወጥተው እንግጫ የሚባለውን ሣር ይነቅላሉ፤ ጐንጕነውም በቤተ ሰቡ ራስና በቤቱ ምሰሶ ላይ ያኖሩታል። ዐደይ አበባም በዚያው ሰሞን ተራራውንና የእርሻውን ዳር ብጫ ያለብሰዋል። ስለዚህ በገጠር ለእንቁጣጣሽ የሚሰጠው ስጦታ ምድር ራሷ ያዘጋጀችው ነው፤ የልጁ ድካም ነቅሎ ማምጣት ብቻ ነው። ስለ በዓሉ ስም የሚነገረው ተረትም ከስጦታ አይርቅም፤ ንግሥተ ሳባ ከኢየሩሳሌም በተመለሰች ጊዜ መኳንንቱ ለወጪዋ መተኪያ እንዲሆናት «ዕንቁ ለጣጣሽ» ብለው ዕንቁ አበረከቱላት ይላል። ይህ የስም አፈታት በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ቢያከራክርም፣ ሕዝቡ በዓሉን የመስጫ ቀን አድርጎ እንደሚያየው ያስረዳል።

በከተማ ያደገ ልጅ ግን ከደጁ መስክ የለውም። ሴቶቹ ልጆች ለምለም ቄጤማና ዐደይ አበባ ከገበያ እየገዙም ቢሆን አበባየሆሽን ይዘው ኖሩ። ወንዶቹ ሆያ ሆዬአቸውን በቡሄ ጨርሰዋልና በእንቁጣጣሽ የሚይዙት ሌላ ነገር አስፈለጋቸው። የተሣለው አበባ የተነቀለውን አበባ ተክቶ የገባው በዚህ ምክንያት ይመስላል። ሥዕሉ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ የተለመደ ቢሆንም፣ ልማዱ እንዲለመልም የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በአንድነት የተገኘው በአራዳ ነው፤ ስለዚህም ታሪኩን ከአራዳ መጀመር ይገባል።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ አነሣሽነት ተቈርቍራ አዲስ አበባ ከተባለች በኋላ፣ አራዳ ትልቁ ገበያዋ ሆነ። በገበያው ራስ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቆመ፤ ታቦቱም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ከሠራዊቱ ጋራ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በገበያው ዙሪያ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ሕንዶች፣ ዐረቦች ሱቅ ከፈቱ። የሕንዱ የሙሐመድ አሊ የንግድ ቤት ከትልቆቹ አንዱ ነበር። ባንኩም ሆቴሉም በዚያው አቅራቢያ ተሠራ። ጨውና በርበሬ፣ በቅሎና ኮርቻ ከሚሸጥበት ገበያ ጥቂት እርምጃ ርቆ ከባሕር ማዶ የመጣ ወረቀት፣ እርሳስና ቀለም ይሸጥ ነበር። ለገጠር ልጅ ወረቀት ብርቅ ነበር፤ ለአራዳ ልጅ ግን ውድ ቢሆንም ቅርብ ነበር። «አራዳ» የሚለው ቃል ከቦታ ስምነቱ ዐልፎ የነቃ፣ የሠለጠነ፣ አንዳንድ ጊዜም ተንኰል የሚያውቅ ሰው መጠሪያ የሆነው ይህን የመሰለው ቅርበት ባስገኘው ልማድ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ትምህርት ቤቶችም ረዱ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ፤ ከዚያም በኋላ የተማሪው ቍጥር እየበዛ ሲሄድ ደብተርና እርሳስ የልጅ ሁሉ ዕቃ ሆነ። ከሁሉም ይልቅ የትምህርት ዘመኑ አወሳሰን ለሥዕሉ ምቹ ነበር። ትምህርት ቤት በክረምት ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ በአዲስ አበባ ዝናሙ የማያባራባቸው ወራት ስለ ሆኑ ልጅ በሜዳ መጫወት አይችልም፤ ቤት ተቀምጦ የሚሠራው ነገር ይሻል። የሥዕሉ ልማድ ከሃይማኖታዊው በዓል ይልቅ ለዝናሙና ለትምህርት ቤቱ መዘጋት ባለዕዳ ነው ማለት ይቻላል።

ልጁ የሚያየውስ ሥዕል ምን ነበር? አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያኑን ነው። በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን የሚወጋው ጊዮርጊስ በአራዳ የደብሩ ጠባቂ ነው፤ ልጁ ቤተ ክርስቲያን በተሳለመ ቍጥር ያየዋል። ሁለተኛው በከተማይቱ አዲስ የተወለደው የገበያ ሥዕል ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡት የውጭ አገር ሰዎች በበዙ ጊዜ፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጡ ሠዓሊዎች በሸራና በጨርቅ ላይ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥኖች ከፋፍለው በተራ የሚያሳዩትን ሥዕሎች ሠሩ፤ የዓድዋን ጦርነት ከላይ በሰማይ ጊዮርጊስን፣ በአንድ ወገን ንጉሠ ነገሥቱንና ሠራዊቱን፣ በሌላው ወገን ጠላትን አድርገው ሣሉ። ከእነዚህ ሠዓሊዎች አንዱ በላቸው ይመር በስሙ የታወቀ ሆነ። የሩቅ አገር ሰው ገዝቶ የሚወስደው ሥዕል መኖሩን ያየ ልጅ፣ ሥዕል ለሰው የሚሰጥ፣ በምላሹም ገንዘብ የሚያመጣ ነገር መሆኑን ከዚያ ተምሮ ይሆናል።

የጠላት ወረራ ይህን ሁሉ አናወጠው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየው ወረራ ጊዜ ኢጣልያኖች የሀገሬውን ገበያ ከአራዳ ነቅለው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ወሰዱት፤ የአራዳውንም መካከል ለራሳቸው አድርገው ፒያሳ አሉት። የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ከቆመበት አነሡት። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ጊዜ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን አቃጠሉ። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ታደሰ። በኋላም አፈወርቅ ተክሌ በውስጡ ሥራዎቹን አኖረ። ገበያው ግን አልተመለሰም፤ ስሙም ፒያሳ እንደ ተባለ ቀረ። የሚያስገርመው፣ ገበያው መሄዱ ለልጆቹ ሥዕል አልጐዳም። እህሉና ከብቱ ቢሄዱም የመጻሕፍትና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች፣ ፎቶግራፍ ቤቶችና ሲኒማ ቤቶች በፒያሳ ስለ ነበሩ፣ ስፍራው ከበፊቱ ይልቅ የወረቀትና የምስል ሰፈር ሆነ።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነበር። ቡሄ ካለፈ በኋላ እስከ እንቁጣጣሽ 23 ቀን ይቀራል። ልጁ በሆያ ሆዬ ከባልንጀሮቹ ጋራ ዞሮ ያገኘው ሙልሙል ቢበላም፣ የደረሰው ሳንቲም ለቀለም ሊሆን ይችላል። የውሃ ቀለም ወይም ባለ ቀለም እርሳስ መግዛት የቻለ ይገዛል፤ ያልቻለ ከባልንጀራው ይዋሳል፤ እሱንም ያጣ ቅጠልና አበባ ጨምቆ፣ ከሰል ፈጭቶ ይሠራል። ቡሩሽ የሌለው በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ይጠቀልላል። እጁ ያልሠለጠነ ልጅ የታላቅ ወንድሙን ያለፈ ዓመት ሥዕል በመስኮት መስተዋት ላይ ለጥፎ፣ ወይም ከሥሩ የካርቦን ወረቀት አድርጎ ይገለብጣል። መገልበጥ ነውር አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ከመምህሩ ሥራ እየገለበጠ ነው የተማረው። እንዲያውም በልጆቹ ዘንድ የተመዘነው አዲስ ነገር መፍጠሩ ሳይሆን የመስመሩ መቅናትና የቀለሙ አለመፍሰስ ነበር።

የሚሣለው ነገር ብዙ ዓይነት አልነበረም። በማሰሮ ወይም በብርጭቆ የተቀመጠ አበባ ከሁሉ ይበዛል፤ ቀጥሎ ክንፉን የዘረጋ መልአክ፣ ከተራራ ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ በፈረሱ ላይ ያለው ጊዮርጊስ ነው። ከፈረሱ ይልቅ አበባው የበዛው ፈረስ መሣል ስለሚያስቸግር ብቻ አይደለም። አራዳ የብዙ ሃይማኖትና የብዙ ነገድ ሰው በአንድ ቅጥር የሚኖርበት ሰፈር ነው። የጊዮርጊስ ሥዕል ለክርስቲያን ደጅ ይሆናል፤ ለሙስሊም ጎረቤት ግን አይሰጥም። አበባና ፀሐይ ለሁሉም ይሰጣሉ። ልጁ ከቤቱ ሳይወጣ ማን ምን እንደሚቀበል ያውቅ ስለ ነበር፣ ከክምሩ ላይ ለየደጁ የሚስማማውን ለይቶ ያዘጋጃል። ይህ ዕውቀት ከሥዕል ጥበቡ የሚያንስ አልነበረም።

ከሥዕሉ ሥር «እንኳን አደረሰዎ» የሚለው ቃል ይጻፋል። ፊደሉን የተካነው ልጅ ያለፈውንና የሚመጣውን ወንጌላዊ ስም ጨምሮ፣ ለምሳሌ «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረዎ» ብሎ ይጽፋል። የዓመቱ ቍጥር ግን ከወንጌላዊው ስም ጋራ አብሮ የሚጻፍበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በበዓሉ ጧት ልጆቹ አዲስ ልብስ ያላቸው አዲስ ልብሳቸውን፣ የሌላቸው የታጠበውን ለብሰው ይወጣሉ። ዝናሙ ብዙ ጊዜ ገና አላቆመምና ሥዕሉ በነጠላ ተሸፍኖ ወይም በደብተር ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። «እትዬ፣ እንቁጣጣሽ!» ወይም «ጋሼ፣ እንቁጣጣሽ!» ይባላል፤ ሥዕሉ በሁለት እጅ ይሰጣል፤ ተቀባይም «በየዓመቱ ያምጣህ» ብሎ ይመርቃል። ከዚያ በኋላ የምትመጣው ጥቂት ደቂቃ ለልጁ የፈተና ሰዓት ናት። ተቀባዩ ሥዕሉን ቀና አድርጎ ያየዋል። አንዳንዱ ያደንቃል፤ አንዳንዱ «ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ሳያየው ያስቀምጠዋል። ሽልማቱም ይለያያል፤ ድፎ ዳቦ የሚቈርስ አለ፤ 1936 ዓ.ም. የሚል ከተጻፈባቸው ሳንቲሞች አምስቱን ወይም አሥሩን የሚሰጥ አለ፤ ስሙኒ የሚሰጥ ግን የሰፈሩ ስመ ጥር ነው። ልጁም ስሙኒ ለሚሰጠው ደጅ ከሁሉ የበለጠውን ሥዕል አስቀድሞ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር፤ ይህንንም ተንኰል ትልልቆቹ እያወቁ እንዳላወቁ ያልፉት ነበር። የተገኘው ገንዘብ የሚውለው በዚያው ወር ለሚከፈተው ትምህርት ቤት ደብተር መግዣ፣ ወይም ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለፒያሳ ሲኒማ መግቢያ ነው።

እንግዲህ የሥዕል ነገር ወደ ብዙ ቤት የገባው በዚህ መንገድ ነው። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ አብዛኛው ቤት የጭቃ ቤት ነበር፤ ግድግዳው እንዲያምርና ብርድ እንዳያስገባ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም ስለ ነበር ለዚህ ዋናው ጋዜጣ እርሱ ነው። በጋዜጣው ላይ ቅዱሳት ሥዕሎች፣ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ፣ ከእነርሱም በታች የልጆቹ የእንቁጣጣሽ አበባ ይለጠፋል። ጢስ ያጠቍረዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላው በላዩ ይለጠፋል። የሥዕል ትምህርት ያልነበረው፣ ሥዕል ገዝቶ የማያውቅ ቤተ ሰብ በዚህ ዓይነት በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት አዲስ ሥዕል ይጨምር ነበር።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ሲከፈት መሥራቹ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ነበሩ። በቺካጎ ተምረው የተመለሱት እኚህ ሰው ሥዕል ከተለመደው ዓይነት ወጥቶ በትምህርት እንዲሰጥ ደክመዋል፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ከእርሳቸው በፊት አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ ተምረው ነበር። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ተጽፏል፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ የተከፈተው ትምህርት ቤት ሥዕል እንግዳ ወደሆነበት ሕዝብ አልመጣም። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ጥሩም ይሁን መጥፎ በልጅ እጅ የተሠራ ሥዕል ቀድሞ ነበረ፤ ወላጅም ልጁ ሲሥል ማየትን ለምዷል። የጥበብ ታሪክ ጸሓፊዎች ይህን ዘለው በቀጥታ ከብራናው ወደ ፓሪስና ወደ ቺካጎ መሻገራቸው ታሪኩን ጐደሎ ያደርገዋል።

በሌላ አገር የሆነውን ማየት ነገሩን ይበልጥ ይገልጸዋል። በእንግሊዝ አገር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1605 ጋይ ፎክስ የተባለ ሰው ከግብረ አበሮቹ ጋራ የፓርላማውን ቤት በባሩድ ሊያፈነዳ ሲል ስለ ተያዘ፣ በየዓመቱ ኖቬምበር 5 ቀን ማታ እሳት ይነዳል፤ ርችት ይተኰሳል። የዚያ አገር ልጆች ከዚያ ቀን በፊት አሮጌ ልብስ በገለባና በወረቀት ሞልተው የጋይ ፎክስን ምስል ይሠሩና በመንገድ ዳር አስቀምጠው ከአላፊ አግዳሚው አንድ ፔኒ ይለምኑ ነበር። ገንዘቡ ርችት ይገዛበታል፤ ምስሉ በእሳቱ ላይ ይቃጠላል። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ምስሉን ይዞ የሚለምን ልጅ በእንግሊዝ ከተሞች እምብዛም አይታይም። ርችቱ ግን ከመቼውም ይልቅ በዝቷል። በእጅ የሚሠራው ሲጠፋ በገንዘብ የሚገዛው ቀረ ማለት ነው።

የአዲስ አበባም አካሄድ ወደዚህ ያዘነበለ ነው። ርችት በኢትዮጵያ የቤተ መንግሥት ነገር ሆኖ ነው የገባው፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በጊዮርጊስ በተፈጸመው የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሰሞን ለመጡት እንግዶች ርችት ተተኵሷል። ዛሬ በዘመን መለወጫው ዋዜማ ማታ ትላልቅ ሆቴሎች ርችት ይተኵሳሉ፤ በመንገድ ዳርም ትንንሹ ርችት ለልጆች ይሸጣል። ደመራውም ረዥም ዘመን በአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት ባለው በምኒልክ አደባባይ ሲደመር ኖሮ አሁን መስቀል አደባባይ ላይ ይበራል፤ የመስቀል በዓልም በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። እሳቱ ሰፍቷል፤ ከፍ ብሏልም።

ሥዕሉ ግን አስቀድሞ የተጐዳው በማተሚያ ነው። መጀመሪያ የታተመ የመልካም ምኞት ካርድ መጣ፤ ቀጥሎም የፎቶ ኮፒ መሣሪያ በየመንገዱ ሲበዛ አንዱን ሥዕል በመቶ የሚያባዙ ነጋዴዎች ተነሡ። ልጆች ከእነርሱ በጅምላ ገዝተው በየደጁ ያዞሩት ጀመር። በዚህ ልጁን መውቀስ አይገባም፤ ከሰጪም ከተቀባይም ሥዕሉን ቀና አድርጎ የሚያየው ሰው ስለ ቀነሰ ነው። የተባዛ ወረቀት የሚቀበል ሰው «አንተ ነህ የሠራኸው?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው ከቀረ ደግሞ፣ 23 ቀን ተቀምጦ መሣል ለልጁ ምን ይጠቅመዋል? በቅርብ ዓመታትም የበዓሉ ሰላምታ ብዙውን ጊዜ በስልክ ይላካል፤ አበባውም በስልኩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል።

ሁለተኛው ጉዳት የመጣው በ2016 ዓ.ም. ነው። በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ በአራዳ፣ ከምኒልክ ሐውልት አጠገብ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ለኮሪደር ልማት ሲባል በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ዶሮ ማነቂያ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ነዋሪዎቹ በከተማይቱ ልዩ ልዩ ስፍራና ዳርቻ ወደ ተሠሩ ቤቶች ተዛወሩ። ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ለኑሮ የማይመቹ፣ ጣራቸው የሚያፈስ፣ መጸዳጃቸው የጋራ እንደ ነበሩ ማንም አይክድም፤ ንጹሕ ቤት ያገኘ ሰው ተጠቅሟል። ቢሆንም ከጭቃው ጋራ የወደቀው ሌላም ነገር አለ። የእንቁጣጣሽ ሥዕል በሙዚየም አልተሰበሰበም፤ ማንም ገዝቶ ወደ ባሕር ማዶ አልወሰደውም። የነበረው በእነዚያ ግድግዳዎች ላይ፣ በጋዜጣው ንብርብር መካከል ነበር።

ከዚያም በላይ ልማዱ የሚቆመው ልጁ ደጁን ሁሉ በማወቁ ላይ ነው። ማን ስሙኒ እንደሚሰጥ፣ ማን ጊዮርጊስን እንደሚወድ፣ ለማን አበባ እንደሚሻል የሚያውቀው ልጅ፣ ጎረቤቱ ከየሰፈሩ ተሰባስቦ በሚኖርበት ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ውስጥ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ለማወቅ ጥቂት ዓመታት ያስፈልጉታል። በአዲሶቹ ሰፈሮች በመስከረም 1 ቀን ጧት አሁንም የሚያንኳኩ ልጆች አሉ፤ አበባየሆሽም በደረጃው ላይ ይሰማል። በእጅ የተሣለውን ከተባዛው ለይቶ የሚቈጥር ሰው እስከ ተገኘ ድረስ፣ ልማዱ ከአራዳ ወጥቶ እንዴት እንደሚኖር ማጥናት የሚቻልበት ጊዜ ይህ ነው።

ከተዛወሩት ቤተ ሰቦች አንዳንዶቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ከፎቶግራፍ አልበም ውስጥ ያስቀመጡት አንድ ሁለት ሥዕል ሊኖራቸው ይችላል። የሚሰበስብ ሰው ከተነሣ መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የዘመኑ ነገር ነው። ከሥዕሉ ሥር «ወደ ዘመነ ማርቆስ» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ ዘመነ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ፣ ዓመቱን ለማወቅ ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ተጣብቆ የቀረ የጋዜጣ ቍራጭ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።